አንበሳው እስኪታይ

ስም አልጠራም። ከምጽፍባቸው ሰዎች ግማሾቹ በሕይወት አሉ፤ የሞቱትም ልጆች አሏቸው፤ ልጆቹም አማርኛ ያነባሉ። ራሳቸውን ሲያገኙት ያውቁታል። ካላወቁትም ጎረቤት ይነግራቸዋል፤ ሞያሌ ውስጥ ጎረቤት የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ቤት አጣቢ ነበርኩ። ልብስ አጣቢ አላልኩም፤ ልብስ ማንም ያጥባል። እኔ የማጥበው ቤቱን ራሱን ነው፤ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የመስኮቱን ብረት፣ ወለሉን፣ ከአልጋ ሥር ያለውንና ባለቤቱ እንዳለው እንኳ የማያውቀውን ሁሉ። በኬንያው ሞያሌ ቀይ አቧራ አለ፤ ነፋስ ሲነሳ መንገድ ላይ አይቆይም፣ ሰው ቤት ይገባል፣ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል፣ እንደ ዘመድ ነው፣ በራሱ ጊዜ አይወጣም። ያኔ፣ የእጅ ስልክ ወደ ከተማችን ገና እየገባ በነበረበት ጊዜ፣ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ የዘይት ቀለም ያስቀባ ጀመር። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዱማ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ። የዘይት ቀለም ደግሞ ይታጠባል። ለዒድ ይታጠባል፣ ለፋሲካ ይታጠባል፣ ሙሽራ ሲገባ ይታጠባል። የኔም እንጀራ ከዚያ ወጣ።

ሥራውን የጀመርኩት ባሌ ከብት ከጫነ መኪና ጋር ወደ ናይሮቢ በሄደበት ዓመት ነው። መኪናው ተመለሰ።

እህቱ ግን ቀረችልኝ። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በዚያችው ሦስት ዓመት ምክንያት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላት ነበር። ወንድሟ እንደማይመለስ ከተማው ሁሉ ባወቀ በሳምንቱ ሁለት ተሸካሚ ይዛ መጥታ አልጋዬን ወሰደች። «አልጋው የወንድሜ ነው» አለች። ወንድሟ ደግሞ የማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «እሺ እትዬ» አልኩና በሩን ያዝኩላቸው፤ አልጋው ሰፊ ስለነበር በበሩ አልወጣም ብሎ ነበር። ከዚያ በየቤቱ እየዞረች ስታወራ፣ «ወንድሜን በውሃ ጠርጋ ያስወጣችው እሷ ናት፤ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ጫማውን አውልቆ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ አጣ» ትል ነበር። ይህን እንኳ ይቅር ልላት እችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው።

ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ አንድ ወንድም አለኝ። «ነይና እኛ ጋ ኑሪ» ይለኝ ነበር። የሱ «ነይ» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የቤቱ እመቤት ስትቆጣ ድስት የምታጥብ፣ ስትደሰትም ድስት የምታጥብ ዘመድ መሆን ነው። እኔ ማንያታ በሚባለው ሰፈር በኪራይ የያዝኳት አንዲት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ክፍል ነበረችኝ። በሯን ከውስጥ እዘጋለሁ። ማንም አያንኳኳም፤ ቢያንኳኳም ካልፈለግኩ አልከፍትም። ያችን በር ይዞ መቆየት ብቻ ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ትልቅ ዓላማ ነበረኝ ብዬ አላሳምርም።

በሯን ያቆመልኝ አንድ ሆቴል ነው። ባለቤቱ እንደኔ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ አሥራ አራት የመኝታ ክፍል አለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ፣ ሁሉንም ያሳጥባል። አንዱ እጥበት የስድስት ወር ኪራዬን ይሸፍናል። ሁለት እጥበት፣ አንድ ዓመት በር። የተራ ሰው ቤት የማጥበው ለምግብና ለሳሙና ነበር።

አሠራሬን ልናገር፤ አሁን ጡረታ ስለወጣሁ ማንም ቢሰርቀኝ ግድ የለኝም። ግድግዳ ሲታጠብ ሳሙናው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከላይ ከጀመርክ የቆሸሸው ውሃ በደረቀው አቧራ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ የወረደበት መንገድ ቀለሙን በልቶ ይቀራል፤ በኋላ ቢፈተግም አይለቅም። ከታች ወደ ላይ ሳሙና፣ ከላይ ወደ ታች ንጹህ ውሃ። ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ የአንዲት አስተማሪ ሳሎን አበላሽቻለሁ።

ዋጋዬ ሁለት ነው፤ ጉልበቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ። በከተማችን ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በጀሪካን ነው የሚሸጠው፤ በደረቁ ወራት ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ ውሃው በባለቤቱ ነው። ባዶ ጀሪካኖቹን አጥሩ ሥር አሰልፋቸዋለሁ፤ ባለቤቱ ወጥቶ ራሱ ይቆጥራቸዋል። ስንት ይፈጃል ለሚለኝ መልሴ አንድ ነበር፤ «አንበሳው እስኪታይ»።

አንበሳው ስሙኒ ላይ ያለው ነው። ከማዶ ይዤ የመጣኋት አንዲት የኢትዮጵያ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበረችኝ፤ በኬንያ በኩል ምንም የማትገዛ። አንድ ክፍል ሲያልቅ ግድግዳውን በንጹህ ጨርቅ ለመጨረሻ ጊዜ እጠርገዋለሁ፣ ጨርቁን ሳፋ ውሃ ውስጥ እጨምቀዋለሁ፣ ስሙኒዋን እታች እጥላታለሁ፣ ባለቤቱን እጠራለሁ። ሳፋው ውስጥ ጎንበስ ብሎ የአንበሳውን ፊት ካየ ክፍሉ ታጥቧል። ካላየ ውሃው ይደፋና ሌላ ጀሪካን ይከፈታል። ከደንበኞቼ መካከል ሰነፎች ነበሩ፣ ንፉጎች ነበሩ፣ አንዱ ደግሞ ሌባ ነበር፤ አንበሳውን አይቶ አላየሁም ያለኝ ግን በኋላ እስከምነግራችሁ ቀን ድረስ አልነበረም። ውሃው በነሱ ነዋ።

ለአንድ ሳሎንና ለሁለት ክፍል ስድስት መቶ ሽልንግ አስከፍል ነበር። «ማማ፣ ቤይ ጋኒ?» ይሉኛል፣ ዋጋው ስንት ነው ማለታቸው ነው። እነግራቸዋለሁ። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ይከፍላሉ።

ታዲያ አንድ ቀን የባሌ እህት የጎማ ጓንት አጥልቃ ብቅ አለች።

ሮዝ ጓንት ነበር፣ እስከ ክርን የሚደርስ። እሷ ራሷ አታጥብም፤ ጓንቱ ለወግ ነው። አራት ልጃገረዶች ከማዶ አስመጥታ በየቤቱ ትልካለች፤ እሷ በር ላይ ቆማ በጓንቷ እየጠቆመች፣ «እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ» ትላለች። ዋጋዋ አራት መቶ፣ ሁሉን ጨምሮ። ውሃው፣ ሳሙናው፣ ልጃገረዶቹ፣ ምርቃቱ። ልጃገረዶቹን በብር ስለምትከፍላቸው በሽልንግ ስታስበው ምንም ናቸው። አንድ ቤት በሦስት ጀሪካን ታጥባለች። በሦስት ጀሪካን ሬሳ እንኳ በወጉ አይታጠብም።

ደንበኞቼ አንድ በአንድ ከእጄ ወጡ። ሄሉ ሰፈር ውስጥ ሱቅ የነበራት አንዲት ሴት፣ አምስት ዓመት ቤቷን ያጠብኩላት፣ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አንገቷን ወደ ፍየሎች አዙራ አለፈች። ፍየሎቹ የሷ አልነበሩም።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ባለሆቴሉ ጋ ሄድኩ። ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ያጸዳ ነበር።

«ዘንድሮ ለሷ ሰጥቻታለሁ» አለኝ። «ቅር እንዳይልሽ። ያው ውሃ ነው፣ ያው ግድግዳ።»

«ጋሼ፣ ያው እጅ ግን አይደለም።»

«እጅማ እሷ ስምንት አላት፤ አንቺ ሁለት።»

«የሷ ስምንቱ ተደምረው አንድ አይሞሉም።»

«እህቴ፣ እኔ እጅ አይደለም የምገዛ» አለና ስንጥሩን ወረወረ። «ግማሽ ዋጋ ብላኛለች። ግማሽ! ካልሽ አንቺም በግማሽ ነይ።»

አልመጣም አልኩና ወጣሁ። መንገድ ላይ የስድስት ወር ኪራይ በእግሬ ሥር ሲያልፍ ይታየኝ ነበር።

ሆቴሉን ያጠቡት ልጃገረዶች ከላይ ወደ ታች ነው ያጠቡት። ግድግዳው ሲደርቅ የሜዳ አህያ ሆኖ ወጣ ብለው ነገሩኝ። አሥራ አራት ክፍል የሜዳ አህያ። ሄጄ አላየሁም፤ በዚያ በኩል ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ አለፍኩ፣ መስኮት ክፍት ካለ ብዬ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ሰዉ በየግድግዳው የሜዳ አህያ እያየ በራሱ ጊዜ ይመለስ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ተናድጄ ዋጋ ቀነስኩ፤ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚስተካከል ሞኝነት ባል ማግባቴ ብቻ ነው።

ውሃ የሚያመጣልኝ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ አህያውና እሱ እኩል ያረጁ፣ አንድ ዓይኑን ሞራ የጋረደው። ለከተማው ሁሉ ውሃ ስለሚያደርስ ከተማው ሁሉ የሚያወራውን ያውቃል። ጠርቼ፣ «አባባ፣ በየደረስክበት ንገርልኝ» አልኩት። «ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ወርጃለሁ በል። ውሃውም በኔ።»

«ውሃም ባንቺ?» አለ። ደንግጦ አህያውን አየው፤ አህያውም የደነገጠ መሰለኝ።

«ውሃም በኔ። እሷ አራት መቶ አይደል? እስቲ አሁን ማን ይፈልጋታል።»

«ሳዋ ሳዋ፣ ማማ» አለኝ። እሺ፣ መልካም፣ ማለቱ ነው። ትንሽ አሰበና፣ «ሥራ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ፤ አንቺ አትዙሪ፣ ይደክምሻል» አለኝ። ምን ዓይነት ደግ ሽማግሌ ነው ብዬ ሻይ ገዛሁለት።

ሥራው ጎረፈ። በሳምንት አራት ቤት፣ አምስት ቤት። ሽማግሌው ጠዋት መጥቶ፣ «ዛሬ ቡቲዬ ሰፈር ነው»፣ «ዛሬ ከመስጊዱ ጀርባ ነው» ይለኛል። ከጋሪው ኋላ እሄዳለሁ። ቤቱ ስንደርስ ሁልጊዜ ባለቤቶቹ የሉም፤ ገበያ ሄደዋል፣ ለቅሶ ሄደዋል፣ ማዶ ተሻግረዋል። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። አጥቤ ስጨርስ ስሙኒዋን እጥላለሁ፤ እሱ ጎንበስ ይልና «ሲምባ አለ!» ይላል፤ አንበሳ በስዋሂሊ ሲምባ ነው። ገንዘቤን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠኛል፤ እንሄዳለን።

ባለቤቶቹ ለምን እንደማይገኙ አልጠየቅኩም። ምክንያቱን ራሴ ለራሴ ሰጥቼ ነበር፤ አፍረው ነው ብዬ ነበር። ያቺን ባለጓንት ተከትለው ጥለውኝ ሄደው አሁን ሲመለሱ ፊቴን ማየት ከብዷቸው ነው። በየሰዉ ሳሎን ተንበርክኬ እየፈተግኩ፣ ስንቱን አሳፈርኩት እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ከሁለት መቶ ሃምሳው ላይ ውሃና ሳሙና ሲቀነስ የሚተርፈኝ ለሽሮና ለጋዝ ነው። እጄ ተሰነጣጠቀ። የቤት ኪራይ ሁለት ወር አለፈኝ፤ ባለቤትየዋ በየማለዳው በሬ ፊት ለፊት ቆማ ትሳል ጀመር። እኔ ግን፣ ያቺ ባለጓንት ከሥራ ወጥታለች፣ ልጃገረዶቿን ወደ ማዶ መልሳለች ሲሉኝ ጊዜ፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ እንኳ ጠግቤ አድር ነበር።

ልጃገረዶቹን መመለሷ እውነት ነበር። ለምን እንደመለሰቻቸው ነው ያልጠየቅኩት።

አንድ ቀን አንዱን ሳሎን ጨርሼ ሳፋውን አቀረብኩና ሽማግሌውን ጠራሁት። ጎንበስ አለ። «ሲምባ አለ!» አለ። ገንዘቤን ተቀብዬ በሻሼ ጫፍ ልቋጥረው ስል ስሙኒዋ እዚያው ተቋጥራለች። ውሃው ውስጥ አልጣልኳትም።

«አባባ፣ ምኑን አየኸው?»

«ሲምባውን።»

«ሲምባው እኮ እዚህ ነው ያለው።»

ሻሼን አየ፣ ሳፋውን አየ። «የድሮው ታይቶኝ ይሆናል» አለኝ፤ አህያውን ይፈታ ጀመር።

ዓይኑ ነው ብዬ ተውኩት። ሞራ ያለበት ሰው ላይ ምን ይፈረዳል? ለካ ሰውዬው ዓይኑ ቢበራም ያው ነበር፤ ማየት ሥራው አልነበረም።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌው በሳቅ ተሞልቶ መጣ። «ማማ፣ ሆቴሉ ተመልሶልሻል! አሥራ አራቱም!»

ዋጋው የድሮው ግማሽ ነበር፤ ውሃውም በኔ። «ባለሆቴሉ ዕቃ ሊገዛ ናይሮቢ ሄዷል፣ ቁልፎቹን እኔ ጋ ትቷል» አለኝ። በግማሽ አልመጣም ብዬ የወጣሁበት ሆቴል ነው። ግን ያለፈኝ ኪራይ ነበረ፣ የባለቤትየዋ ሳል ነበረ፣ ወንድሜም በዚያው ሰሞን ሰው ልኮ «ክፍሉን አስጠርገንልሻል» ብሎኝ ነበር። ክፍሉ የእህል መጋዘን ነው። ሆቴሉን ተቀበልኩ።

የሜዳ አህያውን ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጣ ያለ መስመር፣ በየክፍሉ፣ በየጥጉ። በአመድና በሳሙና፣ ጣት በሚያህል ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት እየቆምኩ፣ ቀለሙን ሳልልጥ መስመሩን አደበዘዝኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስተኛውን ክፍል ጨርሼ ስሙኒዋን ጣልኩና፣ ሽማግሌው የት ሄደ ብዬ ስዞር፣ በር ላይ ባለሆቴሉ ቆሟል፤ ከመኪና መውረዱ ነው፣ ከነአቧራው።

«እንዴ! አንቺ ነሽ?»

«ማን መስሎዎት ነበር ጋሼ?»

ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ አሻሸው። መዳፉን አየው። ሳፋው ላይ ጎንበስ አለ። «አንበሳው ከነጎፈሩ!» አለና ቀና አለ። «በጣም ደስ ይላል። ታረቃችሁ ማለት ነው። እኔማ እልከኛ ስለሆንሽ እሷ ጋ የምትቀጠሪ አልመሰለኝም ነበር።»

«ማን ጋ?»

«የባልሽ እህት ጋ ነዋ! እኔ ለሷ ነው የሰጠሁት። ያን የመሰለ ግድግዳ አበላሽተሽ ሁለተኛ እግርሽ አይገባም ስላት፣ ‹አሁን አንበሳውን የምታውቅ ሠራተኛ አለችኝ› አለችኝ። እንደ ድሮው ይታጠባል ብላ ነው የድሮውን ዋጋ የተቀበለችኝ። ትንሽ ብቻ ቀነሰችልኝ።»

«የኔን ዋጋ?»

«ያንቺን። ግማሹን ቀድሜ ሰጥቻታለሁ፤ ቀሪውን ዛሬ ልትወስድ ትመጣለች።»

ተቀመጥኩ። የተገለበጠ ባልዲ ነበር፣ እሱ ላይ። ጋሪው፣ ቁልፉ፣ ገበያ የሄዱት ባለቤቶች፣ ስሙኒ በሌለበት ሳፋ ውስጥ የታየው ሲምባ፣ የተመለሱት ልጃገረዶች፣ ሁሉም ተሰልፈው መጡልኝ። ከሰዉ አራት መቶ ትቀበላለች፤ ለኔ ሁለት መቶ ሃምሳ ትሰጣለች፤ ለሽማግሌው ሻይ ትጠጣበት ትለዋለች፤ የቀረው የሷ ነው። ሳሙና እንኳ አትገዛም። ስድስት ወር ሙሉ አከሰርኳት ስል አሠርታኛለች። ሰዎቹ አፍረው አልነበረም የማላገኛቸው፤ እንዳላገኛቸው ሆኖ ነው ቀኑ የሚቆረጠው። ፊቴን ለማየት ያፈረ አንድ ሰው እንኳ በከተማው አልነበረም። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው የከነከነኝ።

ተነሳሁ። ስሙኒዬን ከሳፋው አወጣሁ፣ በቀሚሴ አደረቅኳት፣ በሻሼ ጫፍ ቋጠርኳት።

«ጋሼ፣ አሥራ ሦስት ክፍል ታጥቧል። አሥራ አራተኛው አልታጠበም። አሠሪዬ ስትመጣ እሷ ትጨርሰው። አንበሳው ደግሞ የኔ የግሌ ነው፤ በዋጋው ውስጥ የለም።»

ብዙም አልቆየች። ሮዝ ጓንቷን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ መጣች። እኔን እንደገና ባልዲው ላይ ተቀምጬ ስታገኘኝ ዓይኗ ሄዶ በር ላይ አረፈ፤ እግሯ ግን ገብቶ ነበር።

«የወንድሜ ሚስት!» አለች። «ደከመሽ መሰለኝ?»

«አልደከመኝም። አንቺን እየጠበቅኩ ነው።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አልኳት። አፌ ውስጥ ከኮሶ በኋላ እንደሚጠጣ ውሃ ጣፈጠኝ።

«አንቺ?» አለች። «እኔን ነው?»

«ሌላ የጓንት ባለቤት እዚህ የለም።»

«ይሄ ነው ምስጋናሽ? ሥራ አጥተሽ ስትዞሪ ሥራ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም? ለወንድሜ ስል!»

«ወንድምሽን ስታገኚው አመሰግናለሁ በይልኝ። አልጋውንም አብረሽ ላኪለት።»

ባለሆቴሉ በመሐላችን ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ንፉግ ሰው ነው፤ ንፉግ ሰው ግን ማን እንደበላው ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። «ቀሪውን ልከፍልሽ ነበር» አላት በእርጋታ። «አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል። ልጆችሽ የሉም፤ እሷም ደክሟታል። እስቲ አንቺ ጨርሽውና ተቀበይኝ።»

«እኔ?»

«ጓንቱንማ አድርገሻል።»

ገባች። ምን ታድርግ? ቀሪው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። እኔ በረንዳው ላይ ወንበር ተሰጠኝ፤ ባለሆቴሉ በራሱ እጅ ለስላሳ ከፍቶ አመጣልኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ነጻ ለስላሳ አላጠጣኝም። በመስኮቱ አያታለሁ። ጨርቁን ነከረች፣ እጇን ሰቀለች፣ ከላይ ጀመረች። ቀዩ ውሃ በግድግዳው ላይ እየተንጠባጠበ ወረደ፤ ከጓንቱ ላይም ወርዶ በክርኗ አልፎ በብብቷ ወጣ። በአንድ ጀሪካን ጨረሰችው።

«አንበሳ ጣይበት» አላት ባለሆቴሉ።

ስሙኒ የላትም። ከቦርሳዋ የኬንያ ሃያ ሽልንግ አውጥታ ሳፋው ውስጥ ጣለች። ባለሆቴሉ ጎንበስ አለ። መነጽሩን አወጣና አደረገ። እንደገና ጎንበስ አለ።

«ይሄ ሻይ ነው» አለ። «ወተት የገባበት።»

በዚህ መሐል ሽማግሌው ጋሪውን ውጭ አስሮ በረንዳውን ይወጣ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሳፋና ጎንበስ ያለ ሰው ከሩቅ ሲያይ ጊዜ፣ ገና በሩ ሳይደርስ፣ እንደለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሲምባ አለ!» አለ።

እኔ ለስላሳው በአፍንጫዬ ወጣ። ባለሆቴሉም ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጥርሱን በከንቱ ነው የሚያጸዳው። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ጓንቷን አንድ በአንድ ጎትታ አወለቀች፣ ሃያ ሽልንጓን ከሻዩ ውስጥ በባዶ እጇ ፈልጋ አወጣች፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

ቀሪውን ገንዘብ ባለሆቴሉ ለኔ ቆጠረልኝ። አሥራ አራተኛውን ክፍል በዋጋዬ፣ ውሃው በሱ፣ እንደገና አጠብኩት፤ ለሁለት ጀሪካን ውሃ ሲከፍል ፊቱን አጨማደደ። ለእንቁጣጣሽም በድሮው ዋጋ ተስማማን። ኪራዬን ከፈልኩ። ባለቤትየዋ ሳሏ በዚያው ቀን ተሻላት። ለወንድሜም መጋዘኑን እህል እንዲከትበት ላክሁበት።

እስከ ዛሬ፣ «ቀጥራ አሠርታታለች» የሚሉኝ አሉ። ሐሰት አይደለም። ስድስት ወር አሠሪዬ ነበረች። የደመወዝ ጭማሪ አለመጠየቄ ነው የሚቆጨኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ዋጋዬን ለማንም ብዬ ቀንሼ አላውቅም፤ አራት መቶ የሚሉ መጡ፣ ሦስት መቶ የሚሉ መጡ፣ አንዱ እንዲያውም በነጻ አጥቦ የበሩን ቁልፍ ወስዷል። እኔ እስከ ጡረታዬ ስድስት መቶ እል ነበር፣ ውሃው በባለቤቱ። የማይፈልግ የሜዳ አህያውን ያርባ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ጋሪውን በሬ ላይ አቆመና ሳል ሳል አደረገው። ተጣልተን ቆይተን ነበር፤ ግን በከተማው ውሃ የሚያመጣው እሱ ነው፣ ስለዚህ ተጣልተንም እናወራ ነበር። የባሌ እህት ልጇን ልትድር ነው፤ ቤቷ ይታጠብ ብላለች። «ለዘመድ ስንት ነው ብላለች» አለኝ።

«ለዘመድ ስድስት መቶ ነው» አልኩት። «ውሃው በሷ።»

ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተች። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አልኳት። ደንበኛ ናታ። እሷም «ግቢ» አለች፤ ሌላ አልተነጋገርንም። መኝታ ቤቷ ውስጥ አልጋዬ አለ። ጥጉ ላይ እኔ የሠራሁት ጭረት እንኳ አለ። ከቦታው ስቤ ሥሩን አጠብኩት፤ ከባድ ዕቃ ለማንሳት ሃምሳ ጨመርኩ።

ሁሉንም ስጨርስ ሳፋውን አቀረብኩ። ስሙኒዋን ጣልኩ። ጎንበስ አለች፤ አንበሳው ከታች ወደ ላይ አፍጥጦ ያያታል፤ እኔ ከቆምኩበት ይታየኛል።

«አይታይም» አለች።

«እሺ እትዬ።» ውሃውን ደፋሁ። ሽማግሌው ሌላ ጀሪካን አወረደ። ግድግዳውን እንደገና ጠረግኩ፣ ጨመቅኩ፣ ጣልኩ።

«አሁንም አይታይም» አለች። አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ነው፤ ሳፋውን እንኳ አላየችም።

«እሺ እትዬ።» ደፋሁ። ሽማግሌው አወረደ።

ሦስተኛውን ስደፋ ፈገግ ብላ ነበር። ማልቀሴን ወይ መቆጣቴን እየጠበቀች ይመስለኛል። እኔ ባዶውን ጀሪካን በቀስታ ይዤ ወጣሁና አጥሩ ሥር ከሌሎቹ ጎን አስተካክዬ አቆምኩት። ረድፉ ረዝሞ በሩን አልፎ ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞር ብዬ፣ «አባባ፣ ከጋሪው ላይ ስንት ቀረ?» አልኩት።

«ሦስት፣ ማማ። ካነሰ አመጣለሁ።»

በመስኮቱ አንገቷ ብቅ አለ። ጀሪካኖቹን አየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች። በረድፉ መሐል ስትደርስ ፈገግታዋ ጠፋ።

ተመልሼ ገባሁ። አራተኛውን ሳፋ አቀረብኩ። ስሙኒዋን ሳልጥላት በጣቴ እንደያዝኳት፣ «ልጣላት፣ እትዬ?» አልኳት።

«ጣያት።»

ጣልኳት። ገና እታች ሳትደርስ፣ «ታየኝ» አለች።

ስሙኒዬን አውጥቼ አደረቅኳት። ገንዘቤን ተቀበልኩ፤ የሽማግሌውን የውሃ ገንዘብ እዚያው በፊቷ ለሱ ሰጠሁት። ማንያታ ደርሼ በሬን ከውስጥ ዘጋሁ።